ማሽኑ የዘለለው

ሕዝብ ፊት ጽሑፍ የሚያነበው ማሽን ብቻ ከሆነና ማሽኑም ምንጭ ያልተጠቀሰለትን ሁሉ መዝለል ከጀመረ ወዲህ፣ ዩኒቨርሲቲ እያለሁ እያዛጋሁ የተማርኩት የምንጭ አጠቃቀስ እንጀራዬ ሆኗል። ሰርግም ሆነ ለቅሶ፣ የሰፈሩ ሰው ጽሑፉን ይዞ የሚመጣው እኔ ጋ ነው።

ዛሬ ጠዋት ለቀብር የሚነበበውን የአባዬን የሕይወት ታሪክ ሳዘጋጅ እማዬ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ጉልበቴን ካመመኝ ጀምሮ ጫማዬን የሚያስርልኝ እሱ ነበር። እሱን ጻፊልኝ» አለችኝ።

«ማን አይቷል?»

«እኔ ነኛ።»

«የሚስት ቃል እንደ ምንጭ አይያዝም፣ እማዬ።»

«አንቺስ ስታዪው አልኖርሽም?»

«የልጅም አይያዝም።»

ጎረቤቶቹን ሁሉ ጠየቅኩ። ቤት ውስጥ የሚደረገውን ማን ያያል። ቢሆንም ጻፍኩላት።

ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ማሽኑ አባዬ የተወለደበትን ዓመት፣ የሠራበትን መሥሪያ ቤትና ያረፈበትን ቀን አነበበና ዝም አለ። እማዬ አንገቷን ደፍታ ቀሪውን ትጠብቃለች።

«ጨረሰ እንዴ?» አለችኝ ቀስ ብላ።

ወደ መሬት አየሁ። የጫማዋ ማሰሪያ ተፈትቶ ይጎተታል፤ ከቤት ጀምሮ እንደዚያው ነው የመጣችው። ተንበርክኬ ላስርላት ስል እግሯን ሰበሰበች።