ይሰካና ይሞከርልኝ

«ሠላሳ ስምንት ሺህ» ይላሉ እትዬ ዓለምዘውድ፣ ሰማያዊውን የቲሸርት ማተሚያ በመዳፋቸው መታ መታ እያደረጉ። «አዲስ በለው። መሸፈኛ ላስቲኩ እንኳን ገና ተልጦ አላለቀም።»

እኔ ዝም እላለሁ። ከጥያ እስከ ቡታጅራ ሚኒባስ ውስጥ በልቤ ስለማመዳት የመጣኋት አንዲት ዓረፍተ ነገር አለችኝ፤ «ይሰካና ይሞከርልኝ» የምትል። ከአፌ አልወጣ ብላለች።

«እሺ ይሁን፣ ሠላሳ ስድስት።»

ወለሉን አያለሁ። ሱቋ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ናት፤ የስፌት መኪናና የማተሚያ ማሽን ሞልቷት መቆሚያ የላትም። በሩ ላይ የሚሰፋው ሙከሚል መኪናውን አቁሞ እኔን ማየት ጀምሯል።

«እትዬ፣ ይሄ ልጅ ቀላል እንዳይመስልዎት» ይላል። «ሰው ቢያንስ ‹የመጨረሻው ስንት ነው› ይላል። እሱ እኮ ጭራሽ አፉን አይከፍትም!»

«አይቼዋለሁ። መርካቶ ስሠራ ስንቱን ዝምተኛ ሸኝቻለሁ።» ወደ እኔ ይዞራሉ። «ስምህ ማነው፣ የኔ ልጅ?»

«ይታገሱ።»

«ወላጆችህ አውቀው ነው ያወጡልህ! ሠላሳ አራት።»

ዋጋው ኪሴ ውስጥ ካለው በታች ወርዷል፤ እኔን የጨነቀኝ ግን ዋጋው አይደለም። ጥያ ገበያ ላይ ሰልባጅ እየሸጥኩ ያጠራቀምኩት ለአንድ ማሽን ብቻ ነው። የማይሠራ ይዤ ከገባሁ ሁለተኛ የለም። ለመስቀል ከአዲስ አበባ የሚገቡ ዘመዶቹን የሚቀበል አንድ ትልቅ ቤተሰብ ቲሸርት አዞኛል፤ የመጀመሪያ ሥራዬ ነው። «እንኳን ደህና መጣችሁ» የሚለው ጽሑፍ ላስቲክ ላይ ታትሞ መጥቶልኛል። የቀረኝ በሙቀት ጨርቅ ላይ ማጣበቅ ነው። ለሙከራ ሁለት ጽሑፍና አንድ ነጭ ቲሸርት በፌስታል ይዣለሁ። ፌስታሉን እያሻሸሁ እቆማለሁ።

«ሠላሳ ሦስት!» ይላሉ እትዬ ዓለምዘውድ፤ እጃቸውን ይዘረጋሉ። «ከዚህ በታች የወለድኩት ልጅ ቢመጣም አልሸጥለትም።»

ከጨበጥኳቸው አለቀ። እጃቸው አየር ላይ ነው። ሙከሚል መርፌውን በከንፈሩ ይዞ ይጠብቃል።

«ይሰካና ይሞከርልኝ!»

ካሰብኩት በላይ ጮኾ ይወጣል። ውጭ ቆሞ ተሳፋሪ የሚጠብቀው ባለባጃጅ ሳይቀር ዞር ይላል።

«አፍ አለው ለካ!» ይላል ሙከሚል።

እትዬ ዓለምዘውድ የተዘረጋ እጃቸውን ወገባቸው ላይ ያደርጋሉ። «ይሰካል እንጂ! መጀመሪያ ይህን አትለኝም ነበር፣ አምስት ሺህ ብር ከምታስወርደኝ?»

ይሰኩታል። የሙቀቱ ቁጥር እየጨመረ፣ እየጨመረ ይሄዳል። ቲሸርቱን አነጥፌ ጽሑፉን አስተካክላለሁ፤ እጀታውን ወደ ታች እጫነዋለሁ። ከፍቼ እስኪበርድ እጠብቅና ላስቲኩን ከግራ በኩል ቀስ ብዬ እልጠዋለሁ። «እንኳን ደህና» ጨርቁ ላይ ይቀራል። «መጣችሁ» ከላስቲኩ ጋር አብሮ ይነሳል።

የማሽኑ ቀኝ ጎን አይሞቅም።

«ውይ፣ እንግዶቹ መንገድ ላይ ቀሩ!» ይላል ሙከሚል፤ መርፌው ከአፉ ይወድቃል።

«በማርያም፣ እኔም አላወቅኩም» ይላሉ እትዬ ዓለምዘውድ። ፊታቸው ቀልቷል። ያን ያህል ሲናገሩ የቆዩት ሴትዮ አሁን እንደኔ ወለሉን ያያሉ። ወለሉን ማየት ምን እንደሆነ ስለማውቅ ያሳዝኑኛል።

ያኔ ነው ጠረጴዛው ሥር ያለውን ሌላ ማተሚያ የማየው። ግራጫ ነው፤ ቀለሙ ተፋፍቋል፤ እጀታው በጨርቅ ተጠቅልሏል። በጣቴ አሳያቸዋለሁ።

«እሱን? እሱማ አስቀያሚ ነው። ሰው ዞር ብሎም አያየው።»

«ይሰካና…» እላለሁ።

«ይሞከርልህ፤ ገባኝ፣ ገባኝ!»

ይሞቃል። ጽሑፍ አለኝ፤ ቲሸርት ግን የለኝም። ሙከሚል ከእግር እስከ ራስ ያየኛል። «ከጃኬቱ ሥር የለበስከውስ? ነጭ አይደል እንዴ?»

ጆሮዬ ይግላል። ከካርቶኖቹ ጀርባ ገብቼ እወጣለሁ፤ የጃኬቴ ዚፕ እስከ አገጬ ድረስ ተዘግቷል፣ ቲሸርቴ እጄ ላይ ነው። ሁለቱም ሳቃቸውን ለመያዝ ሲታገሉ ይታየኛል። ደግነቱ አይስቁም።

እጫናለሁ፣ እከፍታለሁ፣ እልጣለሁ። «እንኳን ደህና መጣችሁ።» ጠርዞቹን አንድ በአንድ በጥፍሬ እሞክራለሁ። ምንም አይነሳም።

«ሃያ ስድስት» ይላሉ እትዬ ዓለምዘውድ፤ ድምፃቸው ዝቅ ብሏል።

«እሺ!»

ሙከሚል ራሱን በሁለት እጁ ይይዛል። «ምነው ወንድሜ! ትንሽ ዝም ብትል ኖሮ ሃያ አራት ይገቡልህ ነበር እኮ!»

«አንተ ስፌትህን ስፋ!» ይላሉ እትዬ። እጄን ጨብጠዋል፤ አሁን እየሳቁ ነው፣ እኔም።

ቲሸርቴን ሙቀቱ ሳይወጣለት እለብሰዋለሁ። ማሽኑን ሙከሚል በአንድ ጎን፣ እኔ በሌላው ይዘን አስፋልቱ ዳር እናወጣዋለን። ጃኬቴን ላዩ ላይ ጣል አድርጌ የጥያ መኪና እጠብቃለሁ።

ከአዲስ አበባ የመጣ አውቶቡስ ፊቴ ይቆማል። መጀመሪያ የምትወርደው በሁለት እጇ ዕቃ ያንጠለጠለች ሴት ናት። ዓይኗ ደረቴ ላይ ያርፋል፤ ከንፈሯ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ይከተላል። ወለል ልፈልግ አጎነብሳለሁ፤ የማገኘው አስፋልት ነው።

«እንኳን ደህና ቆያችሁ!» ትላለች።

ከኋላዋ የሚወርዱት ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አንስተው ይደግሙታል። ከእሳቸው ኋላ ያለው ወጣትም እንዲሁ። ቀና እላለሁ። ጽሑፉ ደረቴ ላይ ገና ትኩስ ነው።