ሐረጎ ዳገት ላይ

ነዳጅ የሚያቃጥል ሞተር በሕግ ከተከለከለ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ደሴ መግቢያ ላይ የሚኖረው ሹፌሩ ሽባባው ዛሬም ከኮምቦልቻ ጭነት ያመላልሳል፤ አዲሱ መኪናው ግን ድምፅ የለውም። ሚስቱ የሺመቤት ያን ምሽት ወጡን ሁለት ጊዜ አሙቃ ሁለት ጊዜ አውርዳዋለች።

ልጃቸው ምንታምር ደብተሯን ዘርግታ፣ «እማዬ፣ የውስጥ ቃጠሎ ሞተር ማለት ምን ማለት ነው?» አለቻት።

«ነዳጁን ሆዱ ውስጥ እያቃጠለ የሚሠራ ሞተር ነው» አለች የሺመቤት። «ለእኔ ግን አባትሽ ሐረጎ ዳገት ላይ ደርሷል ማለት ነበር። ሞተሩ ሲያቃስት እዚህ ቤት ድረስ እሰማና ወጡን እጥድ ነበር። በሰላም መመለሱን ገና በሩን ሳያንኳኳ አውቅ ነበር።»

«ጭሱስ?»

«ጭሱማ ደረቴን ጎድቶታል። መቅረቱ ደግ ነው።»

ሽባባው በር ላይ ቆሞ ሁሉንም ሰማ፤ መምጣቱን ግን ማንም አላወቀም ነበር።

በማግሥቱ ሐረጎ ላይ ሲደርስ መኪናውን ዳር አስይዞ ደወለላት።

«ምነው፣ ምን ሆንክ?» አለች ደንግጣ።

ሽባባው ትንሽ አፈረ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ የድሮ መኪናው ዳገቱን ሲወጣ እንደሚያደርገው በአፉ ያጓራላት ጀመር።

የሺመቤት ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች፣ እየሳቀች ወጡን ጣደች።