ግንዱን ሁለቴ

በመስከረም የአሜሪካዋ ሞንታና ተራሮች ኤልክ በሚባለው ግዙፍ አጋዘን ጩኸት ይሞላሉ። እኛ አዳኞችም በቱቦ እንደሱ እየጮኽን እንጠራዋለን። ከጮኽን በኋላ ግን ግንድ በዱላ ሁለቴ እንመታለን፤ «ሰው ነኝ፣ እንዳትተኩሱ» ማለታችን ነው።

አምና ጓደኛዬን ዌንደልን ተኩሼ ገደልኩት። ለእናቱ «አጋዘን መስሎኝ ነው፤ ግንድ ሲመታ አልሰማሁም» አልኳት። መስማቱንስ ሰምቻለሁ፤ ግን ጉጉቴ አሸነፈኝና ቃታውን ሳብኩ።

ዘንድሮ ወንድሙ ከርቲስ «አንተው ይዘኸኝ ውጣ» አለኝ። ማለዳ አንድ ትልቅ ጥድ ተደግፌ ጮኽኩ። ከማዶ መልስ መጣ፤ ቀጥሎ፣ ኳ፣ ኳ።

አጠገቤ የተቀመጠው ከርቲስ ጠመንጃውን ዝቅ አደረገ። «ሰው ነው! ዛሬስ ሰማህ?»

«ኧረ ምንም አልሰማሁም» አልኩት። አፌ ለምዶታል።

ይሄኔ የተደገፍኩት ጥድ ከጀርባዬ በኩል ሁለቴ ተመታ።