ለልጆቹ የተተወ ቃል

መምህርቷ ለአንደኛ ክፍል ልጆች ተረት ስታነብ የመጨረሻዋን ቃል ትተውላቸዋለች።

«ጦጣዋም ከዛፉ ላይ…»

«ዘለለች!» ይላሉ፣ ዴስኩን እየደበደቡ።

«ጎበዞች!»

«ቲቸር፣ ከእረፍት ስንመለስም ታነቢልናለሽ?» አለቻት ኤዶም።

«አነብላችኋለሁ።»

በእረፍቱ ጉሮሮዋን ኦፕራሲዮን ልትሆን ነበር። ሐኪሙ ከዚያ በኋላ ድምፅ እንደማይኖራት ሲነግራት አላለቀሰችም። ቤቷ ገብታ፣ በሩን ዘግታ፣ የተረት መጽሐፉን ገለጠች።

ከእረፍት መልስ አንገቷን በሻርፕ ሸፍና ክፍል ገባች። ልጆቹ ሰላም ሲሏት በእጇ ብቻ መለሰች። ከዚያም ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ነካችው። የገዛ ድምፅዋ ወጣ።

«ጦጣዋም ከዛፉ ላይ…»

ስልኩ ዝም አለ። ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«ዘለለች!» አለች ኤዶም፣ ቀስ ብላ።

«ጎበዞች!» አለ ስልኩ።