የዳናዊት ቁርስ

ወንበሩን ከጠረጴዛው ማዶ ሳይሆን ከጎኗ ስባ አስቀመጠችልኝ። ይቺ ናት ዘዴያቸው አልኩ በሆዴ። ጎን ለጎን ተቀምጦ የሚያወራ ሰው ክፉ አይመስልማ።

ልጅቷ ፊርደውስ ትባላለች። እዚሁ ለንደን የተወለደች የአገሬ ልጅ ናት። ቢሮዋ ልጄ ዳናዊት የምትማርበት ትምህርት ቤት ውስጥ ይሁን እንጂ የትምህርት ቤቱ ሠራተኛ አይደለችም፤ በመላ አገሪቱ የተማሪዎችን ጤና እንከታተላለን የሚል የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው የላካት። ድርጅቱ ዘንድሮ ጠቀም ያለ በጀት አግኝቶ ጠዋት ጠዋት ተማሪዎችን ቁርስ ያበላል፣ ያልበላውን ደግሞ ይመዘግባል። ቁርሱስ እሺ ይሁን። መዝገቡ ነው ያልገባኝ።

ደግሞስ ከስንቱ ሠራተኛ መሃል አማርኛ የምትችለዋን መርጠው ለኔ የመደቧት ለምንድን ነው? ሳላውቀው እንድለፈልፍላት ነው እንጂ።

"እትዬ አልታየሽ፣ ሻይ ላምጣልዎት?" አለችኝ። አልፈልግም አልኳት። ከሂትሮው አየር ማረፊያ የጽዳት ሥራዬን ጨርሼ ዩኒፎርሜን እንኳ ሳልቀይር ነበር የመጣሁት፤ ሻዩ አምሮኛል፣ ግን ከነሱ እጅ አልጠጣም። እዚያው ሰፈራችን አርችዌይ ከኛ ፎቅ በታች የምትኖረውን ሸዋረጋን እንዲሁ በሻይና በፈገግታ ነው የጀመሯት። "ልጅሽ ትንሽ ከስታለች" ብለው፣ ስድስት ወር ሙሉ ሶሻል ወርከር እየተመላለሰ ፍሪጇን ሲከፍት ከረመ። ልጅቷ እስከ ዛሬ በር ሲንኳኳ ትደነግጣለች።

ፊርደውስ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገሩን ጀመረችው። ዳናዊት ቁርስ ላይ ትቀመጣለች እንጂ አትበላም። ምሳዋንም ለጓደኞቿ ትሰጣለች። ለምን ሲሏት ጾም ላይ ነኝ ትላለች።

እፎይ አልኩ። ለካ ጾሙን ነው! ልጄ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ሁዳዴን ሃምሳ አምስቱንም ቀን፣ ትምህርት ባለበት ቀን ደግሞ ቤት እስክትመለስ እህል ሳትቀምስ ጾማለች። ማንም አላስገደዳት። ቤተ ክርስቲያን ሴቶቹ ፊት "የኔዋ ከኔ ትበረታለች" እያልኩ ስንቴ ኮርቻለሁ። አሁን ይሄን በሽታ ነው ብለው ሊመዘግቡብኝ ኖሯል።

"ሃይማኖታችን ነው" አልኳት ኮስተር ብዬ። ሂጃቧን እያየሁ፣ "አንቺስ አትጾሚም?" ብዬ ጨመርኩ።

ሳቀች። ዌምብሊ ተማሪ ሳለች በረመዳን አስተማሪዎቿ ነርስ ጋ ይልኳት እንደነበር፣ እናቷም እየመጡ ይጣሉላት እንደነበር አወራችኝ። ስለዚህ ነገሩ በደንብ ይገባኛል አለች። "ፋይሉን ክሎዝ አደርገዋለሁ፣ እትዬ። ሃይማኖታዊ ጾም ነው፣ ስጋት የለም ብዬ። እርስዎ ብቻ ሳይን ያድርጉልኝ።"

እንዲህ በቀላሉ? ይበልጥ ጠረጠርኩ። ምነው ቸኮልሽ አልኳት። አልደበቀችኝም፤ የድርጅቱ በጀት የሚያልቀው ጁላይ ላይ ነው፣ የሚታደስላቸውም መፍትሔ ያገኘ ልጅ ብዙ ካሳዩ ነው አለችኝ። እንግዲያው እሷም እንዲዘጋ ትፈልጋለች፣ እኔም እንዲዘጋ እፈልጋለሁ። ተመስገን ብዬ እስክሪብቶውን ተቀበልኳት።

ሳላነብ ግን አልፈርምም። በጣቴ እየተከተልኩ መስመር በመስመር ወረድኩ። ያልበላችባቸው ቀኖች ተዘርዝረዋል። ሜይ 6። ሜይ 8። ሜይ 11። ሜይ 12። ከእያንዳንዱ ፊት "ጾም ላይ ነኝ ብላለች" ይላል።

"እነዚህ የዘንድሮ ናቸው?"

"አዎ፣ ያለፈው ሳምንትና የዚህ ሳምንት" አለችኝ።

ክው አልኩ። ፋሲካ ካለፈ ወር ሆኖታል። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባለው ሃምሳ ቀን ረቡዕም ዓርብም አይጾምም። ፊርደውስ ይሄን ከየት ታውቃለች? ዳናዊት ግን አሳምራ ታውቃለች፤ እኔው ነኝ ያስተማርኳት።

ማታ "በልተሻል?" ስላት "ትምህርት ቤት በልቻለሁ" ትለኛለች። ለነሱ ደግሞ ጾም ነው ትላለች። እነሱን ስጠረጥር ከርሜ ልጄን አንድ ቀን አልጠረጠርኳትም። እኔ ገና ሳይነጋ እወጣለሁ፣ ማታ ደግሞ ቶሎ እተኛለሁ። አብረን ማዕድ ከቀረብን ስንት ቀን እንደሆነ ለማስታወስ ሞከርኩ፣ አቃተኝ።

ፊርደውስ ፈገግ ብላ ትጠብቀኛለች። ብፈርም በቃ፣ በሬን የሚያንኳኳ የለም። ካልፈረምኩ ነገ ሸዋረጋን መሆኔ ነው። እግዚአብሔር ያውቃል፣ የስሜን የመጀመሪያ ፊደል ጽፌ ነበር።

"ጾም የለም" አልኳት።

"አቤት?"

"አሁን ጾም የለም፣ ፈስከናል። ልጄ ዋሽታችኋለች፣ እኔንም ዋሽታኛለች። ፋይሉን እንዳትዘጊው።"

ፈገግታዋ ጠፋ። ተነስታ በሩን ከፈተችና ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብላ የምትጠብቀውን ዳናዊትን ጠራቻት። ልጄ ገባች። ዩኒፎርም ኮቷ ሰፍቷት ከትከሻዋ ወርዷል፤ እኔ ደግሞ ገና ታድግበታለች እያልኩ ነበር። ፊቴን አየች፣ ወረቀቱን አየች፣ ከዚያ አቀረቀረች።

ልቆጣት ተነሳሁ። ክንዷን ከክርኗ ከፍ አድርጌ በኮቷ ላይ ያዝኳት። አውራ ጣቴና የመሃል ጣቴ ክንዷን ዞረው ተነካኩ።