አሥራ ሁለት ጊዜ የታተመ ፊት

ደምለው በደብረ ማርቆስ የሰው ፊት ብቻ የሚሠራ ሠዓሊ ነበር። ፊቱን በእርሳስ ይነድፋል፤ ከዚያ በእንጨት ላይ በተወጠረ ስስ ጨርቅ ቀለም እያሳለፈ ወረቀት ላይ ያትመዋል። ከአንድ ፊት አሥራ ሁለት ቅጂ ብቻ ያወጣና ጨርቁን ያጥበዋል። ያ ፊት ዳግመኛ አይታተምም። ሰብሳቢዎች የሚወዱለትም ይህንኑ ነበር።

በ2006 ዓ.ም. ከሠራቸው ሁሉ የተወደደለት የአንድ ድንጋይ ፈላጭ ፊት ነው። ሰውየው እንዳላማው ይባላል፤ ከሉማሜ ወጣ ብሎ ባለ የድንጋይ ካባ ይሠራል። ሲሣል አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ሲጨርሱ ብቻ፣ «ስሜን ከሥሩ እንዳትጽፈው፣ አደራ» አለ። ደምለው ዓይን አፋርነት መሰለው።

ስዕሉ ለሕዝብ በታየ ሰሞን ጥቁር ነጠላ የለበሱ ሴት ወደ ሥራ ቦታው ገቡ። ወይዘሮ የብርጓል እባላለሁ አሉ። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ሌሎች ፊቶች ዞር ብለው እንኳ አላዩም። የድንጋይ ፈላጩን ፊት ያልተሸጡ ቅጂዎች በሙሉ ገዙ።

«ሌላ ይታተማል?» ሲሉ ጠየቁ።

«አይታተምም፤ ጨርቁ ታጥቧል።»

«ተመስገን!» አሉና ስዕሎቹን ፊታቸውን ወደ ውስጥ አድርገው ጠቅልለው ወጡ።

ደምለው በሆዱ ሳቀ። እሱ ብቻ ያለው ነገር እንዲኖረው የሚፈልግ ሰው ስንት አይቷል።

ሴትዮዋ ግን በዚያ አላበቁም። ቀደም ብለው የተሸጡትንም እየተከታተሉ ይለቅሙ ጀመር። አንዱን ከሆቴል እንግዳ መቀበያ፣ አንዱን ከአንድ መምህር ሳሎን አስወረዱ። እምቢ ያላቸው ሰው ደጅ ላይ እሺ እስኪላቸው ይቀመጡ ነበር።

አንድ ጠዋት የደምለው ጓደኛ አብይ መጣ። አብይ የስዕሎቹን ፍሬም የሚሠራ ነው።

«ያቺ ሴትዮ የሰጠኸኝን ድንጋይ ፈላጭም ወሰደችው» አለ። «ደግሞ ምን እንዳደረገች ታውቃለህ? ፍሬሙን መለሰችልኝና ወረቀቱን እዚያው ጓሮዬ እሳት ውስጥ ጨመረችው። አመድ እስኪሆን ቆማ አየችው።»

«አቃጠለችው?»

«ይህ ስዕል መውደድ አይደለም፣ ደምለው። እንዲህ የሚደረገው የጠላት ፊት ነው። የደም ነገር ነው የሚመስለኝ።»

ደምለው የዚያን ዕለት ሥራ አልሠራ አለው። በማግሥቱ ወይዘሮ የብርጓል ራሳቸው መጡ። ለራሱ ያስቀራትን አንዲት ቅጂ ፈልገው ነበር።

«የኔን አልሸጥም።»

«በኪዳነ ምሕረት ይዤሃለሁ፣ ልጄ። እሷን ብቻ ስጠኝ፤ ሁለተኛ ዓይኔን አታየውም።»

«ሰውየው ምን አደረገዎት?»

ሴትዮዋ ብር አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ደም ተቃብታችኋል፣ አይደል?» አለ ደምለው።

ሴትዮዋ ክው አሉ። «ማን ነገረህ?»

«አውቄዋለሁ።»

«እንግዲያስ ዝም በል» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አፍህን ካልያዝህ ሰው ይሞታል።»

ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ።  ደምለው እንዳላማውን ሊያስጠነቅቀው ፈለገ፤ ሰውየው ግን ስልክ የለውም፤ ወደ ካባው እንዳይሄድም ሴትዮዋ ይከተሉኛል ብሎ ፈራ።

ድረስ የመጣው በዚህ መሐል ነው። ድረስ ረጋ ያለ፣ አነጋገሩ የሚጥም ሰብሳቢ ነበር። በዚያው ወር ሁለት የደምለውን ስዕሎች ገዝቶ፣ እንደ ዕንቁላል ተጠንቅቆ ይዟቸው ሄዷል። አሁን የቀረው የድንጋይ ፈላጩ ብቻ እንደሆነ ተናገረ።

ደምለው አላመነታም። ቅጂዋ ከዚያች ሴት እጅ የምትርቅበት መንገድ ተገኘ። ከመደርደሪያ አውጥቶ ሰጠው።

ድረስ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ይዞ ብዙ ቆየ። «እሱ ነው» አለ ቀስ ብሎ።

«ማን?»

«ስፈልገው የነበረው ስዕል ነዋ!» ፈገግ አለ። «ሰውየውን ባገኘውና አብረን ፎቶ ብንነሣ እንዴት ደስ ባለኝ።»

ደምለው እፎይ አለ። የእንዳላማውን ካባ አቅጣጫ፣ ከሥራ የሚወጣበትን መንገድ ሁሉ ነገረው።

«እግረ መንገድህን አንድ መልእክት አድርስልኝ» አለው። «ጥቁር የለበሱ ሴት ሊያጠፉህ እየፈለጉህ ነው፣ ተጠንቀቅ በለው።»

ድረስ ትከሻውን ያዝ አደረገው። «አይዞህ፤ እኔው ራሴ አገኘዋለሁ።»

በሦስተኛው ቀን አብይ እያለከለከ ገባ። እንዳላማው ከካባው ሲመለስ በጥይት ተመትቶ ሞቷል።

ደምለው በሩን እንኳ ሳይዘጋ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሮጠ። አስቀድሞ ሳይናገር መቅረቱ እንደ እሳት ይፈጀው ነበር። ድረስ መልእክቱን አድርሶ እንደሆነ ለመጠየቅ በመንገድ ላይ ደጋግሞ ደወለ፤ ስልኩ ዝግ ነው።

መርማሪው ቁጭ አድርጎ አዳመጠው። ስለ ሴትዮዋ ሁሉንም ነገረው፤ ስዕሎቹን እንዴት እንደለቀሙ፣ እንዴት እንዳቃጠሉ፣ ሰው ይሞታል ብለው እንዴት እንደዛቱበት። እየተናገረ ሳለ ገርበብ ባለው በር በኩል ኮሪደሩን አየ። ወይዘሮ የብርጓል ባዶ ወለል ላይ ተቀምጠው ግድግዳውን ያያሉ።

«ያውና!» ብሎ ተነሣ። «ይዛችኋቸዋል ማለት ነው! እሳቸው ናቸው ገዳይዋ!»

መርማሪው በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው።

«እሳቸውማ የሟቹ እናት ናቸው» አለ። «እኛ የምንፈልገው ድረስ የሚባለውን ሰው ነው። ታውቀዋለህ?»