ግማሽ መንገድ ላይ የቆመው እሳት

ኬሚስቷ ለምሳ ወደ ቤት ስትመለስ ጠርሙሷን ባዶዋን አገኘቻት። ትናንት ለአባቷ ልታሳያቸው ያመጣቻት ነበረች፤ ለዓይን እንድታምር ብላ "መርዝ" የሚለውን ወረቀት የላጠችው ራሷ ናት። ሰባት ዓመት ሙሉ ሚቴን ጋዝን በጥቂት ኦክስጅን ስትለበልብ፣ ጋዙም ነዶ እያለቀ ሲያመልጣት ኖሮ፣ በስንት መከራ ቃጠሎውን ግማሽ መንገድ ላይ አስቁማ ያጠራቀመችው ሜታኖል የተባለ የአልኮል ዓይነት ነበር፤ ውሃ የመሰለ፣ ግማሽ ብርጭቆ የማይሞላ።

"አባዬ፣ እዚህ ውስጥ የነበረውስ?"

"ማታ ጠጣሁልሽ!" አሉ አባቷ ከወንበራቸው ሳይነሱ፣ ፊታቸው በኩራት ፈክቶ። "ልጄ ከጋዝ አልኮል አወጣች እያልኩ ጎረቤቱን ሁሉ ሳደነቁር ከርሜ፣ እኔው ሳልቀምሰው ልቅር? ደግሞ እንዳትቆጪኝ፤ የእጄን አግኝቻለሁ፣ ከጠዋት ጀምሮ ራሴን እየፈለጠኝ ነው።"

አምቡላንስ ለመጥራት ስልኳን አወጣች። ቤተ ሙከራ ውስጥ ቃጠሎውን የጋዙን ቫልቭ ዘግታ ታስቆመው ነበር። በአባቷ ደም ውስጥ ግን ቃጠሎው ካቆመበት ቀጥሏል፤ የምትዘጋው ቫልቭም አልነበረም።

"ተቆጣሽኝ እንዴ?" አሉ አባቷ፣ መጋረጃው ወለል ብሎ በተገለጠው መስኮት የገባው የቀትር ፀሐይ ፊታቸው ላይ አርፎ። "እስቲ መጋረጃውን ግለጪልኝ፣ ፊትሽን ልየው።"